ይርጋ

የሃይፋ ወደብ ክሬን አንገቱን ሰብሮ ሲያነሣ፣
ከአሥራ አራተኛው ፎቅ ቁልቁል አየዋለሁ በምሳ፤
ሳንድዊቼ ወረቀት ላይ፣ ወረቀቱ የውል ረቂቅ፣
ጥጉን ዘይት የነካው፣ ገና ፊርማ የሚጠብቅ።

"ልጅህ ምን ትሠራለች?" ብለው አባቴን ሲጠይቁት፣
"ነገረ ፈጅ ናት" ይላል፣ ቂርያት ያም፣ ከሰገነት።
እውነቱን ነው፤ ነገር ስፈጅ እውላለሁ፣ አመሻለሁ፣
አንዳንድ ቀን ግን ራሴ በነገር እፈጃለሁ።

ችሎት ፊት አልቆምም እኔ። ካባዬ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣
ከሠርግ ቀሚሴ ጎን ተሰቅሎ፣ ትከሻውን ብል የበላው።
የሚቆሙትን ጠበቆች በሰዓት እከፍላቸዋለሁ፣
ሲያበዙት ደግሞ ሂሳቡን በቀይ እሰርዘዋለሁ።
የኔ ሥራ ከዚያ ወዲህ፣ አለቆቹ "ይቻላል?" ሲሉ፣
"ይቻላል፣ ግን" ማለት ነው።
ደመወዜ ለዚያች "ግን" ነው፣ ሙሉ በሙሉ።

ሰኞ ለት አንድ ፋይል መጣ፣ አሥራ ዘጠኝ ስም ያለበት፣
የድሮ መጋዘን ሠራተኞች፣ ከኪሾን አፍ፣ ማዳበሪያው ከሚራገፍበት።
ናዲም ከሸፋ ዓምር፣ ራኢሳ፣ ፈንታሁን ከነሳሉ፣
"ጭንብል ስንጠይቅ ዝም አላችሁን፤
አቧራው ሳንባችን ላይ ረጋ" ይላሉ።

ጊዮራ፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ገጹን ገልጦ ሳይጨርስ፣
"ስንት ዓመት ሆነው?" አለኝ፣ መነጽሩን በክራቫቱ ሲያብስ።
"ዘጠኝ" አልኩት። ፈገግ አለ። ሰባት እንደሚበቃ ያውቃል፣
ሕግ ተምሮ አይደለም፤ እኔው አስተምሬው ይሆናል።

በዕብራይስጥ "ማርጀት" ይሉታል፤ መብት እንደ ሰው ሲያረጅ፣
ጥርሱ ወልቆ፣ ዱላ ይዞ፣ ሰሚ ሲያጣ ከችሎት ደጅ።
በአማርኛ ግን ይርጋ ነው። ይርጋ ያባቴ ስም።
በኛ ቤት ይህን ቃል በር ለመዝጋት የጠራው የለም።
እናቱ ስታወጣለት ምድሩ እንደ እርጎ ሲናጥ ነበር፣
"ይርጋ" ስትል ለመነች እንጂ አልከለከለች አንድም በር።

ማታ ሄጄ አየሁት። የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ፣
የጉልበቱን ኪኒን በጥፍሩ ፈልፍሎ አውጥቶ፣
"ምነው?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። የደንበኛ ምሥጢር ነው፣
ለአባትም አይነገርም።
ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤቱ ሳለ፣ ሳለ፣
"ፈንታሁን ነው፤ ሌሊቱ ለሱ ረዥም ነው" አለ።

ሁለት ገጽ ጻፍኩ ለቦርዱ። በመጀመሪያው መስመር፣
"ከከሳሾቹ አንዱ ያባቴ ጎረቤት ነው" አልኩ፣ ኋላ ነገር እንዳይሰወር።
ቀጥሎ፦ "ይርጋን ማንሣት እንችላለን። እናሸንፍም ይሆናል።
ግን ሐኪሙ የነገራቸው አምና ነው፤ ዳኛው ከዚያ ይቆጥራል።
ደግሞ የጭንብል ግዥው ጥያቄ፣ ሦስት ጊዜ ውድቅ የሆነው፣
በኛው መዝገብ ቤት አለ። እኔ አልቀደውም። ሐሳቤ ቀድሞ መክፈል ነው።"

ጀግንነት እንዳይመስላችሁ። ከነወለዱ ነው ያሰላሁት።
ጊዮራ ሐዘን አያነብም፣ ሠንጠረዥ ግን ያነባል፣
ሐዘኑን ሠንጠረዥ ማልበስ፣ ሙያ ማለት ይህ ይመስለኛል።

ሐሙስ ይሰበሰባሉ። ምን እንደሚሉ አላውቅም።
"ይርጋ" ብለው ቢዘጉትስ? ልልቀቅ? እሱንም አልወሰንኩም።
ብቻ ከግርጌው ሙሉ ስሜን፣ እንደ ልማዴ ጻፍኩ፣
ኦስናት ይርጋ።
ቀለሙ እስኪረጋ ጠበቅኩ።