በረሮ እና በረዶ

ሳይቤሪያ፣ ኦብ ወንዝ ዳር ነበረ የግንድ ቤታችን፤
እኛ አራት ሆነን ሳለን፣ ሺህ በረሮ እንግዳችን።
ከምድጃው ጀርባ፣ ከግድግዳው ስንጥቅ፣
መብራት ሲጠፋ ነው ሠራዊቱ የሚዘልቅ።
ዳቦው ሥር ይገኛል፣ ከሳሞቫሩ ክዳን፤
አንዴማ ግላሻን ጆሮዋ ገብቶባት፣ ጩኸቷ ነው ያነቃን።
እናቴ ዘይት አሙቃ፣ ጠብ አርጋ ጠብ አርጋ፣
በወረንጦ እግር እግሩን ስትለቅም ሌሊቱ ነጋ።

በኛ መንደር ስሙ «ፕሩሲያዊው» ነው፣
ከጀርመን ዘመቻ በወታደር ጓዝ የገባ ነው ብለው።
ጀርመኖቹ ደሞ «ሩሲያዊው» ይሉታል፤
ለካ ተባይ ሁሌም የጎረቤት ነው፣ የራሴ ማን ይለዋል?

ምን ያልሞከርነው አለ? የፈላ ውሃ ደፋን፣
ላምባ ቀባንበት፣ ስንጥቁን በጭቃ ደፈንን።
እናቴ ቦሪክ አሲድ አምጥታ ከከተማ ሱቅ፣
በእንቁላል አስኳል አሽታ፣ አድቦልቡላ፣ ጠበቀች እስኪደርቅ።
እንክብሉን በልተው ወዛቸው ጨመረ፤
አያቴ «የጥንቱ ይሻላል» ብላ ጫማ አነሣች፣ ነገርም ተጀመረ።

ከዛፍ ልጥ የተጎነጎነ አሮጌ ጫማ ውስጥ አንድ በረሮ ከታ፣
በገመድ እየጎተተች፣ መንገድ አቋርጣ፣ በድቅድቅ ማታ፣
«ሂድ ወደዚያኛው ቤት፣ እዚያ ጥገብ፣ እዚያ ውለድ» ብላ፣
ከስቴፓኒዳ ደጃፍ ጥላው ተመለሰች።
ስቴፓኒዳ በመስኮት አይታት ኖሯል፣ በመጋረጃ ተከልላ።
ሰባት ዓመት ሙሉ ሰላምታ ቀረ።
አያቴ ሞተች፤ ቂሙ ግን አብሯት አልተቀበረ።

ከዚያ ያ ጥር መጣ፣ የተተፋ ምራቅ መሬት ሳይነካ የሚደርቅ፣
ወፍ ከቅርንጫፍ ላይ እንደ ድንጋይ የሚወድቅ።
እናቴ ቆመችና ምድጃውን አየች፤
«እሳት ያሳደገውን እሳት አይገድለውም። ቤቱን ለብርዱ እንስጠው» አለች።
ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት በርና መስኮት ከፍቶ፣
ምድጃውን አጥፍቶ፣ ጓዝን አውጥቶ፣
መሄድ ነው ዘዴው። ግን ወዴት? አባቴ ደን ውስጥ ነው፣ ለግንድ ቆረጣ፤
ቅርብ ያለው ጢስ አንድ ነው፣ ከስቴፓኒዳ ጣሪያ የሚወጣ።

እናቴ አንኳኳች። እኔ ድስት ይዣለሁ፣ ግላሻ ዶሮ አቅፋ።
ስቴፓኒዳ ከፈተች። ዝም አለች። ኋላ፣ ለበሩ እንደምትናገር፣
«ትግባ» አለች፣ «ልብሷን በረዶው ላይ አራግፋ።»

አንዱን ሌሊት እንደ ባቡር ተሳፋሪ አደርን፣ ሳንነጋገር፤
በሁለተኛው ማታ ጠረጴዛ ከበን ሻይ ስንጠጣ ነበር፣
ከኮፍያዬ ውስጥ አንዱ፣ ስደተኛው፣
ወጣ፤ ጢሙን ነቀነቀ፤ ቆመ ዳቦው ፊት ልክ እንደ ዳኛው።
የእናቴ ፊት ነደደ። እኔ ትንፋሼን ዋጥሁ።
አሁን ገና ከነጓዛችን ተባረርን አልሁ።
ስቴፓኒዳ ግን የራሷን ስኒ አንሥታ፣ ጭላጯን ጨልጣ፣
ደፋችበት በላዩ፤ ለናቴ ሻይ ቀዳች፣ ስኳሩን አብልጣ።
ሰባት ዓመት የታፈነው ቃል ያን ጊዜ ወጣ፦
«አማትሽ ጫማዋን ደጄ ጥላ ሄዳ፣
ይኸው አስቀምጬዋለሁ፣ ሰው ከቤታችሁ እስኪመጣ።»

ከበረሮ እስከ በረዶ አንዲት ፊደል ናት፤
እኛ ግን ሰባት ዓመት ፈጀብን፣ ከቤት እስከ ቤት።

በአራተኛው ቀን ገባን። ግድግዳው ነጭ ጺም አብቅሏል፤
ረስተን የተውነው ባልዲ ከነውሃው ተሰንጥቋል።
በመስኮቱ ማሰሮ፣ ማንም ያላሰባት አበባ ጠቁራ ቆማ፣
እናቴ ለሷ አነባች፤ ከዚያ መጥረጊያ ይዛ ወለሉን ጠረገች ደጋግማ።
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ነበሩ፤ ቀላል፣ ሲጠረጉ የሚንኮሻኮሹ፤
ሁለት ቅርጫት ሞሉ፤ ዶሮዎች እንኳ ቀምሰው ሸሹ።
ያን ሌሊት ምድጃው ሲነድ ቤቱን የዋጠው ዝምታ
እንቅልፍ ነሳኝ፤ የለመድኩት ሩጫ ጠፍቶብኝ ማታ።

በሚቀጥለው ጥር፣ ያ ቁር ሲመለስ፣ በራችን ተንኳኳ፤
ስቴፓኒዳ ናት፤ ትራሷን ታቅፋ፣ በረዶው ላይ ቆማ
ሻሿን ታራግፋለች፣ ሳንጠይቃት እንኳ።