የስንብት ክፍለ ጊዜ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ታልካዋኖ ላይ፣
ጉሙ ጋደም ብሎ ከክሬኖች በላይ፣
ተማሪዎቼ ገቡ፣ ከፈረቃ ወጥተው፣
ሳሙና ያልቻለውን የዓሣ ሽታ ይዘው።
ያስና ከጥፍሯ ሥር ቅርፊት ትለቅማለች፤
ሆርቴንሲያ ደብተር ላይ ራሷን ጥላለች፤
ኤልየሰር ከኋላ፣ ከማሞቂያው አጠገብ፣
ካልሲውን አስጥቶ፣ የመጽሐፉን ዋጋ ከጀርባው ሲያነብ።

እኔ ሰሌዳ ላይ፣ በሰማያዊ ቀለም፣
«የሰው ሀብት አስተዳደር፤ መግቢያ። አንድ። ትርጉም።»
«ድርጅት ሀብት አለው፦ ገንዘብ፣ ማሽን፣ መሬት፤
ከሁሉም የሚልቀው ሰው ነው» አልኩ በድፍረት።
ስንት ዓመት ያልኩትን። መጽሐፉም ይለዋል።
ኤልየሰር እጁን አወጣ። «መምህርት፣ ግር ይላል፤
የሰው ሀብት ሲባል፣ ሰው ነው ወይ ሀብቱ?
ወይስ ሀብቱ የሰው ነው፣ እኛ ነን ንብረቱ?»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መልሱን ግን አላውቀው፤
«ጥሩ ጥያቄ» አልኩ፣ መምህር ሲጨንቀው
የሚላትን ያቺን፤
        ገጹንም ገለጥኩት።

ሳምንታት አለፉ። ምልመላን ጨረስን፣
የሥራ መዘርዝር በሠንጠረዥ ጻፍን።
«ቅጥር» ስል አንደኛው አጥር መስሎት ኖሮ
ዘበኛ ሣለበት፣ በሩን አሳምሮ።
ሆርቴንሲያ ደመወዝን እንደ ዓሣ ሰንጥቃ
ደሙን ከወዙ ለየች፣ በእርሳስ አድምቃ።

በዘጠነኛው ሳምንት ምዕራፉ ስንብት ነው።
አምስት ደረጃ አለው፤ ለፈተና የሚጠናው፦
በር ዝጋ። አስቀምጥ። በአጭሩ ተናገር።
ከጉዳዩ አትውጣ። ይቅርታ አትጨምር።
«እንሞክረው» አልኩ። «ያስና፣ አንቺ አለቃ፤
ኤልየሰር ሠራተኛ፣ ዛሬ ሥራው ያበቃ።»

ወንበር ተጎተተ። ያስና ጉሮሮዋን ጠረገች፣
ወረቀት እንደያዘ ሰው ባዶ እጇን አየች፣
«ድርጅቱ ያመሰግናል...» ብላ ጀመረች።
ይጮሃል ብለን ኤልየሰርን ስንጠብቅ፣
ወይ ቀልዶ ክፍሉን ሊያፈነዳው በሳቅ፣
ተነሣ። የሌለ ሽርጥ ከወገቡ ፈታ፣
አራት ላይ አጠፈው፣ ቀስ ብሎ፣ በእርጋታ፣
ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «የሣጥኔን ቁልፍ» አለ፣
«ለማን ነው የማስረክብ?»
        ክፍሉ ድምፅ ጎደለ።
ስድስተኛ ደረጃ መጽሐፉ የለውም።
ያስና ወደ እኔ ዞረች። እኔም መልስ የለኝም።

በዚያች ቅጽበት እኔ ሌላ ቢሮ ገባሁ፤
ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በዚሁ እጄ በር ዘጋሁ።
ያኔ የፋብሪካው የሠራተኛ ኃላፊ ነበርኩ፤
ስሜን በናስ አስቀርጬ በሩ ላይ የሰቀልኩ።
ዶን አቤላርዶ ገባ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ
ቢላ ሲስል ኖሮ ጣቶቹ የሾሉ።
ደብዳቤውን አነበብኩ፣ ከፊደሉ ሳልነቀል፣
ከቀኑ እስከ ማኅተሙ አንዲት ቃል ሳላጎድል።
ስጨርስ ፈረመ፣ ብዕሬን መለሰ፤
«የልጅዎስ ሳል?» አለኝ፣ በር ላይ እንደደረሰ።
ሕግ አልጣስኩም። ደረጃው ተሟልቷል።
ፊርማው ቀጥ እንዳለ ማኅደር ውስጥ ይተኛል።
ፊቱን አላየሁትም። ስለ ሳሏም አልነገርኩት፤
«ከጉዳዩ አትውጣ» ይላልና ደረጃ አራት።

በቋንቋችን አንድ ቃል ነው ስንብት፣ ለሁለት ነገር፦
ወዳጅ ለመሸኘት፣ ሠራተኛ ለማባረር።
እኔ አንዱን ነው የተማርኩት፤
አንዱን ነው የማስተምር።

«መምህርት፣ ቁልፉ?» አለ ኤልየሰር።
«ለጥበቃው» አልኩት፤ «እሱ ይረከባል።»
«ማን ብዬ ልጻፈው? ቅጹ ስም ይጠይቃል።»

ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ወጡ ተንጫጭተው፣
የአውቶቡሱን መብራት ከሩቅ ተሻምተው።
ሰሌዳውን ጠርጌ ቦርሳዬን ስቋጥር
ጥበቃው መጣ፤ ቁልፎቹ ሲያቃጭሉ በኮሪደር።
አራት ዓመት ሙሉ «እንዴት አመሹ?» ያለኝ፣
አራት ዓመት ሙሉ «ደህና» ብዬ ያለፍኩኝ።
«ስምዎ ማን ነው?» አልኩት።
        እጁ ከማብሪያው ላይ ቀረ።
ቦርሳዬን አየ፣ ወረቀቱን አየ፤ ቆቡን አስተካክሎ
«ስሜ ለምን ተፈለገ፣ መምህርት? ምን አጠፋሁ?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ምንም» አልኩት፣ «ምንም።» አላመነኝም።
መብራቱን አጠፋው፤ ስሙን አልነገረኝም።