ጫፍ የሌለው ኩታ

ሚዛን ያዥ ነኝ እኔ፣ ደሴ፣ እህል በረንዳ፤
ስንቱ ኩንታል አልፏል በእጄ ያለ ዕዳ።
ጦሳ ጉም ደርቦ ከተማው ሲጨልም፣
ስልኬ ላይ ያለው ክብ ዞሮ ዞሮ ሲቆም፣
አርባ ስምንት ሺህ ብር፣ ላዩ ስድስት መቶ፣
«ሙሄ አራጋው» የሚል ስም ከበላዩ አብርቶ።
እልል ማለት ፈርቼ ትራሴን ነከስኩት፤
የሦስት ወር ኪራይ በልቤ ከፈልኩት፤
ለእህቴ ልጅ ጫማ ገዛሁ፣ የሚያመኝንም ጥርስ
ያኔውኑ፣ ተኝቼ፣ አስነቀልኩት።

ጠዋት «ስጠኝ» ብለው «መታወቂያህን» አለ። ላክሁ።
«ፎቶው ደብዝዟል» አለ። ፀሐይ ላይ ወጥቼ ላክሁ።
«ጥጉ ተቆርጧል።» ደግሜ ላክሁ።
«የምትኖርበትን ቤት የመብራት ቢል» አለ።
ቢሉ በአከራዬ፣ በወይዘሮ ዘምዘም፤
መብራቱ የሳቸው፣ የኔ፣ ሲጨልም።

ብሩ እዚያው ተቀምጦ፣ እኔ ደጅ ስጠና፣
ወሩ ሞላና ሂሳቤን ባየው፣ ጎድሏል እንደገና፦
«ላልተንቀሳቀሰ ሂሳብ» ይላል፣ መቶ ሰማንያ።
እጄን ጠፍሮ አስሮ
«ለምን አታጨበጭብም?» ብሎ መቅጣት!
«ጉርሻውን ሠላሳ ጊዜ ሳታዞር አይወጣም» የሚልም አለ ውል፤
ከታች፣ ከታችም በታች፣
ቁንጫ የጻፈችው በሚመስል ፊደል።

«ሰው አገናኙኝ» ብል፣ «ሊያ ነኝ» አለችኝ፤
«ውድ ደንበኛችን» ብላ ስለ ትዕግሥቴ አመሰገነችኝ።
ቀን ሊያ ናት፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓትም ሊያ።
ሰደብኳት። አመሰገነችኝ።

አጎቴ ይዞኝ ወረደ ቃሉ፣ ከአበጋሩ ደጅ፤
ስንት ደም ያደረቁ፣ ስንቱን ጠላት ያደረጉ ወዳጅ።
«ባላጋራህን ጥራ» አሉኝ።
ስሙ የጨዋታ ስም ነው።
«አባቱስ?» አላውቅም።
«አገሩስ?» ደሴት ነው ይላል፤
ካርታ ላይ ብፈልገው፣ ጣቴ ሸፈነው።
«ዋሱስ?»
ዝም አልኩ።

ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው፣
በአንድ ቁራኛ ሄደው፣ ከአንድ ምንጭ ጠጥተው፣
እየተጣሉም ቢሆን አብረው አድረው
ዳኛ ፊት ይቆሙ ነበር አሉ።
እኔ የኩታዬን ጫፍ ይዤ ቆሜአለሁ፤
ከማን ጫፍ ጋር ልቋጥረው?

አበጋሩ መሬት መሬት አይተው ቆዩና
«ጥላ የሚከስ ሰው ፀሐይ ይዞ ይምጣ» አሉ።
ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦
«ቢሰጡህስ፣ ልጄ? ከማን ኪስ ነበረ የሚመጣ?»

ይህ ቃል ነው ሚዛን ላይ ስቆም የሚከተለኝ።
እንግዲህ ልናገር፦
ጣቴን ከሚዛኑ ጫፍ አሳርፌ አውቃለሁ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያም በላይ።
አንድ የወረባቦ ገበሬ አየኝና
«አንሳ ጣትህን» አለኝ፣ ዐይን ዐይኔን እያየ።
አነሳሁ። ፊቴ ጋለ።
የኔው ቢያንስ ጣት ነበረ፤ ቢያዩት የሚታይ፣
አንሳ ቢሉት የሚነሳ።

ትናንት ገበያው ሲበተን፣
ከበርበሬ ሻጯ ከሰዓዳ ትንሿን ሚዛን ተዋስኩና
ስልኬን ላይዋ አኖርኩት።
ሂሳቤን ከፍቼ፣ አራት ወር ተቆርጦለት
አርባ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ ብር እያበራ፣
መዘንኩት፤ መቶ ዘጠና ግራም።
አጥፍቼ መዘንኩት።
መቶ ዘጠና ግራም።

ሰዓዳ ጆንያዋን እየጠቀለለች ቀና አለች፦
«ምን ልትሸጥ ነው?»