ገል

ቦአዝካሌ ላይ ሚኒባሱ አራግፎኝ ወደ መጣበት ዞረ፣
አቧራው እንኳ ጥሎኝ፣ ከኋላው ተከትሎት በረረ።
ቀረሁ፤
ሁለት ሰው የሚያህል ቦርሳ እንደ ልጅ አዝዬ፣
ሦስት የቱርክ ቃል ለስንቅ ይበቃኛል ብዬ፤
"ሱ" ውሃ ነው፣ "ካች" ስንት ነው፣ "ታማም" ማለት እሺ፤
አራተኛውን ዝናብ ከደብተሬ አጠበው፦ "በሦስቱ አምሺ!"

ከተራራው የሚጠብቀኝ ከተማ ነው፣ ሞቶ የቆየ፣
ከሦስት ሺህ ዓመት ወዲህ ሎሌም ጌታም ያላየ።

ከሽንኩርት ማሳው ቀና አለ ባርኔጣ ያጠለቀ አዛውንት፤
ዝይዎቹ ቀድመውት መጡ ሊጠይቁኝ የይለፍ ወረቀት።
"ኔ?" አለኝ፤ "አዎ፣ እኔ" አልኩት ደረቴን ነክቼ፤
"ምን?" ማለቱ ነበር ለካ፤ መለስኩለት እኔን ሰጥቼ።
እሱም ደረቱን ነካና ነገረኝ፦ "ዱርሱን"፤
"ጥሩወርቅ" ሊለኝ ሞክሮ ጎዳው ምላሱን።

ዳቦ ቆርሶ አሳየኝ፤ "ርቦሻል?" መሰለኝ፤
እኔም "አዎ" ልል፣ እንደ አገሬ፣ ትንፋሼን ሳብ ሳደርግ
ያነቀኝ መስሎት ደንግጦ ጀርባዬን ደለቀኝ!
"ሱ! ሱ!" ብሎ ጮኸ ወደ ቤት፤
ሚስቱ ሃጀር በጣሳ ይዛ ስትሮጥ ግማሹን ደፋችበት።
"ታማም፣ ታማም" አልኩ እየሳልኩ፤ ደህና ነኝ ማለቴ ነበር፤
ለራሴ ጆሮ ግን ያው "ታማም ሄደች" የሚል ነገር።

ዱላውን ይዞ ቀደመኝ፤ ወጣን በአንበሶቹ በር፤
አንደኛው ፊቱ ተበልቷል፣
ሌላው አፉን ከፍቶ ቀርቷል ላልመጣ ወታደር።

ከዚያ አንድ ትልቅ አለት፤ መስመር በመስመር የተጻፈ፣
በረዶ ሲልሰው ኖሮ በመከራ የተረፈ።
"ታሽ" አለኝ ዳበስ አድርጎ፤ "ድንጋይ" ነው ሊል የፈለገው፤
እኔ የሰማሁት "ታሸ" ነው። እውነቱን ነው፤
ታሽቷል፤ ዘመን በመዳፉ የፈተገው።

እሱ ማንበብ አይችልም። እኔም አልችልም።
ጸሐፊው ቢነሣ እንኳ ለእኛ አስተርጓሚ አይቀጥርም።
ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እዚያ ጋ፣ እኩል ሆንን፤
ሁለት መሃይም፣ ጎን ለጎን፣ የሰው ደብዳቤ ይዘን።

እልፍ አለና ከቁልቁለቱ ጠራኝ፦ "ገል! ገል!"
ገል? እሺ።
ቦርሳዬን ጣልኩና ተንበረከኩ፣ ሣሩን ከፍዬ ልፈልግ ስል
"ነይ፣ ዝናብ መጣ!" ነበር የሚለኝ፤ እኔ ግን በአራት እግሬ...
ደግሞም አገኘኋት!
አውራ ጣት የምታህል፣ ቀይ፣ በአንድ ጎኗ ጥቁር፤
ጋን ነበረች ወይ ማሰሮ፣ ማን ያውቃል፤
ከጠርዟ ላይ አለ የሠሪዋ ጥፍር።

"ገል!" አልኩት ከፍ አድርጌ።
"ገል" አለኝ፣ እጁን ወደ ራሱ እየሳበ።
"ገል!" አልኩት፣ አታይም ወይ?
"ገል፣ ገል!" ባርኔጣው ላይ ውሃ እያንጠባጠበ።
ስሟን እነግረዋለሁ፤ እሱ ይጠራኛል፤
ዝናቡ ሁለታችንንም እኩል ይቀጠቅጠናል።

ኪሴን አሳየሁት፤ ልውሰዳት?
አገጩን ወደ ሰማይ አነሣ፣ ምላሱን አንዴ ቀጭ አደረገ።
ይኼኛው መዝገበ ቃላት አላስፈለገው።
መለስኳት፤ ጥፍሯን ወደ አፈሩ አድርጌ።

ማታ ካልሲዬ ከምድጃው ጎን ሲጨስ፣
ሃጀር በሩን ገርበብ አድርጋ ዝይዎቿን
"ገል፣ ገል" ብላ ስትጠራ፣
ሳላስበው
መሬት መሬቱን አየሁ።