ሁለት አራት

በሦስት ኮንቴይነር፣ ባሕር ተሻግሮ፣
መጣ የእንግሊዝ ቤት፣ እንደ ዶሮ ብልት አንድ በአንድ ተቆጥሮ።
ስንከፍተው፣ ዲግዳጋ፣ የሐምሌ ፀሐይ ላይ፣
የጋጣ ሽታ ወጣ፣ የዝናብ፣ የጥቀርሻ፣
ዓይኑን እንዳጨናበሰ መንገደኛ፣ አዲስ አገር ሊያይ።

አቡ ሐመድ ነው የገዛው። ያኔ ተማሪ ሳለ
በብስክሌት ሲያልፍ፣ ብርድ እያንዘፈዘፈው፣ አይቶት “አንድ ቀን” አለ።
አራት መቶ ዓመት የቆመው ወራሽ አጣ፤
ተፈቶ፣ ታስሮ፣ ራስ አል ኸይማ፣
ከተምር ዛፍ መሐል ሊቆም መጣ።

ምስማር የለውም ጨርሶ።
ወራጁ ምላስ አለው፣ ቋሚው አፍ፤ አንዱ ሌላውን ጎርሶ
ችካል በጎን ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ፍቺ የለም።
እኛ ጋ አናጢ ይሄንንም ግጥም ይለዋል፣
ዜማ ግን የለውም።
ጎባጣ ግንድ መርጠው፣ ለሁለት ሰንጥቀው፣
ፊት ለፊት አቆሟቸው፤
ሁለቱ ጉብጠቶች ጫፍ ለጫፍ ተሳሙ፣
ጣራ ሆነ መሳሳማቸው።

ኔድ፣ ሽማግሌው አናጢ፣ እጅጌውን ሰብስቦ
ጭቃ ከጭድ መርገጥ ሊያስተምረን ቆመ፣ ተጨንቆ፣ አስቦ።
ሹኩር፣ የኬረላው፣ በጎን አየኝ። እኔ የማንዶ ልጅ፣ በጨንቻ
የትምህርት ቤታችንን ግድግዳ ያቦካሁ፣
ዝም አልኩ፤ ገባሁበት በእግሬ ብቻ።

ቤት መሄዱም አልገረመኝ።
እኛ አገር ምስጥ እግሩን ሲበላው
ጎረቤት ይጠራራል፤ የቀርከሃው ቤት ውስጥ ገብተው
ብድግ ያደርጉታል።
አርባ እግር አብቅሎ ሽቅብ ይወጣል፣
እያረፈ፣ እየሳቀ፣ በሩን ይዞ።
ይሄኛው ግን ሳቅ አልነበረውም። ክሬን ነበረው፣
በሰዓት የሚከፈለው።

በየአጥንቱ ላይ በመሮ የተጫረ ምልክት አለ፣
ፊደል ያልቆጠረ ሰው የቆጠረው፦
አንድ ጭረት ካንድ ጭረት፣ ሁለት ከሁለት፣
እያልን ሦስት ላይ ደረስን፤ ከዚያ ተሳሳተ።
አራት ጭረት በምሥራቁ ቋሚ፣
አራት ጭረት በምዕራቡም።
ለአንድ ወራጅ ሁለት ባል።
አምስት የሚባል የትም የለም።

ክሬኑ ይጮኻል። ሹኩር ይራገማል።
ኔድ ወረቀቱን ይገልጣል፣ መነጽሩን ያወልቃል፣ ደግሞ ያጠልቃል።
እኔ ጣቴን ሰደድኩ፣ በቋሚው አፍ፣ እስከ ጉሮሮው፤
የችካሉ መንገድ ወደ ግራ ጥቂት ያዘነበለ ነው።
ወራጁን ዳሰስኩ። ምላሱም ወደ ግራ።
“ይሄ ነው” አልኩ በአማርኛ፤
ገባቸው፣ ሳልጣራ።

ምን አዘናጋው ያን ሰው፣ አራት ብሎ ሲደግም?
ምጥ የያዛት ሚስት? ጠዋት የጠጣው ቢራ?
ወይስ አምስት ሊል ሲል
ልጁ መጥቶ፣ “አባዬ፣ ምሳ” ብሎ ተጣራ?
አላውቅም። መዳፌ ግን አውቆታል፣
የመሮው ዱካ ከአውራ ጣቴ ልክ ነው።

ምላሱ ሳይገባ፣ ማንም የማያየው ጎኑ ላይ
፭ ብዬ ጫርኩ፣
ቤቱ ዳግም ሲፈታ ብቻ የሚታይ።
ኔድ አየኝ። ችካሉን አቀበለኝ፣ ከዚያ መዶሻውን፣
ምንም አላለኝ።

የእኔ ቁጥር ሰባት ነው፤ ባርኔጣዬም ላይ፣ የብረት አልጋዬም ላይ፣
ስምንት ሆነን በምንተኛበት።

ማቀዝቀዣው ሲከፈት ቤቱ ይደርቅ ጀመር።
በሌሊት ጧ! ይላል፣ እንደ ጥይት።
አቡ ሐመድ ደንግጦ ይደውላል፦ “ቤቴ ተሰነጠቀ!”
ኔድ ግን አገሩ ገብቷል፤ እኔን ይልካሉ።
ስንጥቁ ውስጥ ሪያል አስገብቼ እለካለሁ፣
“የእንጨት ጠባይ ነው” እላለሁ፣ ሰምቶ ዝም ይላል።

በታኅሣሥ አንድ ሌሊት ዘነበ፣ ጎርፍ መንገዱን ወሰደው።
ጠዋት ስመጣ አቡ ሐመድ በረንዳው ላይ፣
ባዶ እግሩን፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍቶ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ተቀምጧል።
ያ የጋጣ ሽታ ተመልሷል።
“ስማ” አለኝ። ምንም አይሰማም።
ሳንቲሜን አወጣሁ፣ ወደ ስንጥቁ አስጠጋሁ፣
አልገባም።
ገጥሟል።