መጣ?

እሑድ ማታ፣ ድራማው ሊጀምር አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣
የጠባሴ ነፋስ ዲሻችንን እንደ ባርኔጣ ሲያዞረው፣
የሰዎቹ ፊት ስክሪኑ ላይ እንደ ሸክላ ይሰባበራል፤
«ሲግናል የለም» ይላል ጽሑፉ።
አባቴ ቃል ሳይተነፍስ ይነሣል።

ካፖርቱን ከሚስማሩ ያወርዳል፣
መሰላሉን ግድግዳው ላይ ያስደግፋል፣
አራተኛው መወጣጫ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል፣
እሱን ይዘለዋል።

«መጣ?»
«አልመጣም!»
«አሁንስ?»
«ወደ ፋብሪካው አዙረው! ኧረ በዛ፣ ወደ ሥላሴ መልሰው!»
እኔ ቴሌቪዥኑ ሥር፣ ታምሩ በሩ ላይ፣
ቃሌን እየተቀበለ ይወረውራል ወደ ላይ።

ድንገት ይመጣል፦
ሰፊ ሳሎን፣ ወለል የሚጠርግ መጋረጃ፣
ፒጃማ የለበሰ አባት፣ ፊት ለፊቱ የመስታወት ጠረጴዛ።
መነጽሩን አውልቆ፣ ጋዜጣውን አጥፎ፣
«ምን ሆንሽብኝ የኔ ዓለም?» ይላታል ልጁን አቅፎ፣
«ንገሪኝ፣ አባትሽ ነኝ እኮ።»

እኛ ዝም።
እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ።
ታምሩ በሩን ትቶ ገብቷል።
ከጣሪያው ላይ «መጣ?»
ማንም አልመለሰም።
«መጣ ወይ?»
ፒጃማ የለበሰው አባት የልጁን ግንባር ሳመ።
ከራሳችን በላይ ቆርቆሮው አንዴ፣ ቀስ ብሎ ጮኸ፣
እግሩን የቀየረ ሰው ክብደት።

ማስታወቂያ ሲገባ ነው የወረደው።
«እንዴት ነበር?» አለ፣ እጁን ብብቱ ውስጥ ከቶ።

ቀን ሙሉ ብርድ ልብስ ሲሸምን ይውላል አባቴ፣
የሱፍ ብናኝ ቅንድቡ ላይ፣ ያለ ዕድሜው ሽበት መሳይ፤
ስንቱን አልጋ ያለበሰ ሰው ይንቀጠቀጣል እላይ።
«የኔ ዓለም» ብሎኝ አያውቅም። «አንቺ» ነው የሚለኝ።
ከክፍል ሁለተኛ ስወጣ
«አንደኛዋ የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ፤
በማግስቱ ትራሴ ሥር ደብተር፣
ባለ መቶ ሉክ፣ ጠንካራ ሽፋን።
አልወደድኩትም ያኔ። እኔ የፈለግሁት ፒጃማውን ነበር።

እናቴም ሳይገባት አልቀረም፤
ከልባሽ ተራ አንድ ባለ መስመር ፒጃማ ገዛችለት።
ሱሪውን ከሥራ ሱሪው ሥር ደርቦ
ለሌሊት ፈረቃ ሄደበት።

አሁን እንጀራዬ ይኸው ሆኗል፤ ለድራማ አባቶች ቃል እጽፋለሁ።
«እዚህ ጋ ስሜቱን ያውጣ» ሲሉኝ
አወጣዋለሁ፤
በመኪና ውስጥ «እወድሻለሁ»፣ በሠርግ ዋዜማ «እወድሻለሁ»፣
ሆስፒታል አልጋ ላይ፣ ሊሞት ሲል፣ ሁለት ጊዜ።
አንድ ቀን እጄ አመለጠኝና
አባትየውን ጣሪያ ላይ አወጣሁት፣
አንዲት ቃል ብቻ ሰጠሁት።
ዳይሬክተሩ በቀይ ሠረዘው፦
«ይሄ ምኑ ነው አባት? ተመልካች የዲሽ ሠራተኛ ነው የሚለው።»
አልተከራከርኩም። የቤት ኪራይ ደርሶ ነበር።

ደወልኩለት። «ድራማዬን ታየዋለህ?»
«ዲሹ ከክረምት ወዲህ ዞሯል፤ ጉልበቴም መሰላል እንቢ ብሏል» አለኝ፤
ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣
«ሂሳብሽ እየቆጠረ ነው፣ ዝጊው።»

እሑድ አመሻሽ ደረስኩ።
አራተኛው መወጣጫ ያው ነው፤ ሲባጎው ብቻ ተቀይሯል።
ነፋሱ በእጅጌዬ ገብቶ ባንገቴ ይወጣል።
ከሩቅ የፋብሪካው መብራት፣
በደሴ መንገድ የከባድ መኪኖች ቀይ ጭራ።
የዲሹን ጠርዝ ያዝኩ፤
ቀለሙ የተላጠበት አንድ ቦታ አለ፣
አራት ጣትና አውራ ጣት የሚያህል፤
የኔ እጅ ግማሹን እንኳ አልሞላውም።

እሱ ከታች፣ ብቻውን፣ ዱካው ላይ።
«መጣ?» አልኩ።
ዝም።
ምናልባት ያ ሰውዬ፣ እኔ የጻፍኩለት፣
አሁን ልጁን ሊያቅፍ ይሆናል።
አንዲት ጣት ያህል ወደ ሥላሴ ገፋሁት።
«መጣ ወይ?»

«መጣ! መጣ፣ ውረጂ አንቺ፤
ይሄ ብርድ ይገድልሻል።»