ማክሰኞ ብቻ

ለአራት ትምህርት ቤት አንዲት ነርስ ነኝ እኔ፤
ሰኞ ሌላ ሰፈር፣ ማክሰኞ ነው ቀኔ
እዚህ ጌሪ ከተማ፣ ከሚሺጋን ሐይቅ ዳር፣
ግማሹ ምድጃ በቀዘቀዘበት የብረት ሰፈር።

ከመጥረጊያው ጓዳ ጎን ሰሌዳ ሰቅዬ፣
ሃያ ጫማ ርቀት በጠመኔ ከልዬ፣
"አንዱን ዓይን ሸፍን፣ የምታየውን ጥራ"
እላለሁ ቀኑን ሙሉ፤ ስልሳ ሁለት ልጅ በተራ።

ኪማራ ቦልደን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር።
ግራዋን ሸፈነች፣ አነበበች።
ቀኟን ሸፈነች፣ አነበበች፣ እንዲያውም ፈጥና፤
እኔም በቅጹ ላይ ጻፍኩላት፦ "ደህና"።
አላወቅሁም፣ ከፊቷ የቆመው ዲያንጀሎ
ሲጠራ ሰምታ በቃሏ እንደያዘችው፣
ፊደሉን በጆሮዋ እንዳነበበችው።

ሁለት ዓመት አለፈ።
የመምህራን ማስታወሻ ፋይሏ ውስጥ ተከማቸ።
"ዓይን አፋር ናት" ይላል አንዱ፤
"ትፈዛለች" ይላል ሌላው፤
"ኳስ ሲወረወርላት አትቀልብም፣ አትታዘዝም፣
ለቅጣት ወደ ኋላ ወንበር ተዛውራለች።"
ወደ ኋላ! ሰሌዳው ይበልጥ ወደሚርቅበት።
ከተማው ማዶ፣ ሣሩ በየሳምንቱ በሚታጨድበት፣
እንዲህ ያለ ልጅ "አያይ ይሆን?" ተብሎ ይጠየቃል፤
እኛ ዘንድ ከልጅቷ ዓይን ቀድሞ ጥፋቷ ይታያል።

አንድ ማክሰኞ ፊደሉን ትቼ
በጣቴ ልፈትናት ብዬ ቀኟን በመዳፌ ጋረድኩ።
"ነርስ፣ መብራቱን ማን አጠፋው?" አለች።
መብራቱ በርቷል።
መስኮቱም ፀሐይ ሞልቶበታል።

ስልክ አነሳሁ።
የመጀመሪያው ሐኪም ቤት፦ "የመንግሥት ካርድ አንቀበልም"፣
ድምፅዋ ማር ነው፣ "መልካም ቀን" ብላ ዘጋችው።
ሁለተኛው፦ "ከሰባት ወር በኋላ።"
ሦስተኛው ደግ ነበር፤ ግን አውቶቡስ አይደርስበትም፣
እናቷ ሎኔት ደግሞ ሌሊቱን መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስታሽግ ታድራለች፣
መኪናዋ ከሚያዝያ ጀምሮ ጡብ ላይ ቆማለች።

ሰባት ወር! ለሌላ ሕመም ይሁን እሺ፤
አእምሮ ግን ደውሎ ደውሎ መልስ ያጣበትን ዓይን
እንደ ተቋረጠ ቁጥር ከማስታወሻው ይሰርዘዋል።
ስምንት ዓመት፣ ዘጠኝ ዓመት፤
ከዚያ ወዲያ ቢደወል የሚነሳው በስንት ልመና ነው።

ስሙን ደግሞ "ሰነፍ ዓይን" ይሉታል።
ሰነፍ!
ይህን ቃል የኪማራ ቅድመ አያት ጥጥ ስትለቅም ሰምታዋለች፣
አያቷም ከምድጃው ፊት ላቡ ሲንጠፈጠፍ ሰምቶታል።
ማን ነው የሰነፈው? ዓይኗ ነው
ወይስ ስሟን ከተራው ግርጌ የጻፈው እጅ?
የኔም እጅ አለበት፤ "ደህና" ብሎ የፈረመው እጅ።

በመጨረሻ መነጽር መጣ፣ መሸፈኛ ፕላስተርም፣
ደህናውን ዓይን ጋርዶ ደካማውን ሥራ የሚያስይዝ።
ፓኮው ላይ "የቆዳ ቀለም" ተጽፏል።
ኪማራ አንዱን አውጥታ ከክንዷ ጋር አስተያየችው፣
"የማን ቆዳ?"
መልስ አልነበረኝም፤ ቡናማ እስክሪብቶ ሰጠኋት።
ምላሷን አውጥታ፣ ጠርዙን ሳታልፍ፣ ቀስ ብላ ቀባችው።

ዛሬ ማክሰኞ ነው። አሁን በሩን ዘግቼ
አንድ በአንድ አስገባለሁ፣ የአንዱን ለሌላው ሳላሰማ፤
ሰልፉ ሳያልቅ ይመሻል። ይምሽ።
ኪማራ በደካማው ዓይኗ ትልቁን ፊደል ጠራች፣
ሁለተኛውን ረድፍ አምጣ አምጣ ወለደችው፣
ሦስተኛው ላይ አንገቷን አሰገገች፣ ቆመች።
"ይሄ ፊደል ነው ወይስ ጉንዳን?"
"ላንቺ ምን ይመስልሻል?"
"ጉንዳን። ግን ባለፈው ጭራሽ አልነበረም።"